ለወንድሜ ማኅበር የሰጠሁት ነጥብ

ኅዳር 3

ደኅና ቀን ነበር። ጠዋት ከጉንደ ወይን የመጣ አንድ አይሱዙ ስንዴ ፈተሽሁ። ናሙና መውሰጃው ብረት ጫፉ ተጣሞ ጆንያ ይቀድዳል። ይለወጥልኝ ካልሁ ስንት ጊዜዬ… ለእሱ በጀት የለም። ለታብሌት ግን ተገኝቷል። ለሦስታችን ተቆጣጣሪዎች፣ ለእኔ፣ ለአበባውና ለሽታዬ፣ አንዳንድ ታደለን። ሽታዬ ወዲያው የልጇን ፎቶ ጀርባው ላይ ለጠፈችበት።

ከሰዓት ስብሰባ። ከአዲስ አበባ የመጣው ባለሙያ ፍሥሐ ይባላል። ቀጭን፣ ትሑት ልጅ ነው፤ የማርቆስ ብርድ አልቻለውም መሰለኝ ጃኬቱን ሳያወልቅ ዋለ። ከዘንድሮ ጀምሮ ለዱቄት ፋብሪካችን ስንዴ የሚያቀርበውን የሚመርጠው ታብሌቱ ላይ የተጫነው ሲስተም ነው አለ። የግዢ ኃላፊው አቶ ደመላሽ ከነጋዴውም ከገበሬውም ጋር ሲጨቃጨቁ ከርመው የሚመርጡት ቀረ ማለት ነው።

«ግን ከራሱ አያመጣም» አለ ፍሥሐ። «የምታስተምሩት እናንተ ናችሁ። ሁለት ሁለት አቅራቢ እያመጣ የቱ ይሻላል ይላችኋል። ከመልሳችሁ አመዛዝኖ ለሁሉም ነጥብ ይሰጣል።»

ለምኑ ይበልጥ ክብደት ይሰጠው? ለእርጥበቱ? ለንጽሕናው? በቀኑ ለማድረሱ? አቶ ደመላሽ ተነሥተው «ከሁሉ በፊት ታማኝነት» አሉ። አጨበጨብን። እኔም አጨበጨብሁ። እርጥበቱንና ንጽሕናውን ላቦራቶሪው ይሞላል። ታማኝነቱን ሰዎቹን በአካል የምናውቅ እኛ።

አበባው ከስብሰባው ሲወጣ «ዳኛው» ብሎ ስም አወጣለት። ማታውኑ ዘበኛው ሳይቀር ዳኛው፣ ዳኛው ይል ጀመር።

ኅዳር 5

ቀኑን ሙሉ ጥያቄ። ሁለት ስም ይመጣል፦ ከእነዚህ በታማኝነት የቱ ይበልጣል? በጥቂቱ? በጣም? እጅግ በጣም? አንዱን ነክቶ ማለፍ ነው። የደምበጫ መስመር የእኔ ስለሆነ የዚያን አካባቢ ማኅበራት የምመዝናቸው እኔ ብቻ ነኝ። ጥሩ እየሄደልኝ ነበር።

ከዚያ መጣ። በአንድ በኩል ምንይችል፣ የደጀኑ እህል ነጋዴ። በሌላው በኩል የዋንዛ ሜዳ ገበሬዎች ማኅበር።

የዋንዛ ሜዳ ሊቀ መንበር አንዷለም ነው። የእናት ያባቴ ልጅ፣ ታላቄ። ደምበጫ ቤት ተከራይቼ ስማር በየቅዳሜው ስንቄን በፈረስ ጭኖ ያመጣልኝ የነበረ። ማኅበሩን እንደ እጄ መዳፍ አውቀዋለሁ። አምና አንድ ጆንያ ዝናብ ነክቶታል ብለው ራሳቸው ከመኪናው ላይ አውርደው የመለሱ ሰዎች ናቸው። ማንም አላየባቸውም ነበር። ምንይችልን ግን… መልኩን እንኳ አይቼው አላውቅም። ስንዴውን ሹፌር ያመጣዋል፤ ክፉም አይደል፣ ደግም አይደል፤ ይራገፋል፣ ይሄዳል።

አበባው አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ዓይኑ ወደ እኔ ታብሌት ይመጣ ይሆን? አላውቅም። አምና አቶ ደመላሽ በሰው ፊት «ለዓይናዲስ ዘመዶች መጋዘኑን እናስፋላቸው እንዴ?» ብለው ሲቀልዱ ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ያን ቀን ግን ምሳ ሳልበላ ዋልሁ።

ምንይችልን ነካሁ። በጣም።

ለወንድሟ አደላች ከምባል…

ኅዳር 6

ጨረስሁ። ዋንዛ ሜዳ በመጣ ቁጥር ሌላውን ነካሁ። አንዳንዴ በጥቂቱ፣ አንዳንዴ በጣም። ስንዴያቸው እንደሆነ ንጹሕ ነው፤ ላቦራቶሪው ያነሣቸዋል። አንድ ሰው ትንሽ ዝቅ ቢያደርጋቸው ምን ይመጣል? አሁን ማንም ጣቱን አይቀስርብኝም። ደክሞኛል፤ ዛሬ ደኅና እንቅልፍ እተኛለሁ።

ኅዳር 24

ዋንዛ ሜዳ ለፍተሻ ሄድሁ። መንገዱ ክፍት ነበር። ከደምበጫ ባጃጅ እስከ ሜዳው ጫፍ አደረሰኝ፤ ከዚያ በእግሬ።

መጋዘን ሠርተዋል። ቆርቆሮ ክዳን፣ የሲሚንቶ ወለል፣ ጆንያው መሬት እንዳይነካ የእንጨት ርብራብ። ግማሹ ስንዴ ገና ክምር ነው፤ የተወቃው ግን ተበጥሮ፣ ጠጠሩ ተለቅሞ ገብቷል። ሁሉም የዘሩት ፋብሪካው የሚፈልገውን ዘር ነው፣ በቆሎውንና በርበሬውን ትተው። ነጋዴ አውድማቸው ድረስ መጥቶ ሲለምናቸው «ለፋብሪካው ቃል አለን» ብለው መልሰውታል። ቃሉን ያስገባቸው አንዷለም ነው። አንዱ ሽማግሌ በእኔ ፊት «ያንተን አፍ አምነን ነው» አለው። አንዷለም በኩራት ሳቀ።

«ግቢና እህል ቅመሺ» አለኝ ስጨርስ።

«አልችልም ጋሼ። ተቆጣጣሪ አቅራቢ ቤት አይበላም።»

«እሱስ ልክ ነው» አለ፤ ፊቱ ግን ቅር አለው። ሚስቱ ፍቅርአዲስ የእጅ ውኃ ይዛ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። እንደያዘችው ተመለሰች።

ሲሸኘኝ ጠየቀኝ። «ዘንድሮ ማሽን ነው የሚመርጠው ይላሉ። እንዴት ነው ነገሩ?»

«ዋናው ላቦራቶሪው ነው» አልሁት።

ለምን እንዲህ አልሁ? ዋናው ላቦራቶሪው አይደለም። አጨብጭቤ ያጸደቅሁት እኔ አይደለሁ?

ታኅሣሥ 11

ውጤቱ ወጣ። አቶ ደመላሽ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አሳዩን። መካከል ላይ ቀይ መስመር አለ። ከላይ ያሉት ኮንትራት አገኙ፤ ከታች ያሉት አላገኙም።

አንደኛ፣ ምንይችል፣ ደጀን።

ዋንዛ ሜዳን ከላይ ጀምሬ ፈለግሁት። መካከል ላይ ፈለግሁት። ከቀዩ መስመር በታች ነበር፣ «ተጠባባቂ» ተብሎ። በንጽሕና ከሁሉም በላይ። በእርጥበት ደኅና። በታማኝነት ከመጨረሻው ሁለተኛ። ከእሱ በታች ያለው የአበባው አማት ማኅበር ብቻ ነው፣ የጉንደ ወይኑ። ከፍ ብሎ፣ እሱም ከመስመሩ በታች፣ የሽታዬ አበልጅ ማኅበር።

ቀና አልሁ። አበባው ጫማውን ያያል። ሽታዬ የልጇን ፎቶ ጠርዝ በጥፍሯ ትፍቃለች።

የሦስታችን ሰዎች። ሦስቱም።

«ሲስተም አያዳላም» አሉ አቶ ደመላሽ። ደስ ብሏቸዋል። ከዛሬ ጀምሮ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ የሚያለቅስብኝ የለም አሉ።

ታኅሣሥ 12

አበባውን ሚዛኑ ጋ ብቻውን አገኘሁት።

«አንተም?»

«ምን ላድርግ። አማቴን ከላይ አስቀምጬ በምን ዓይኔ ሰው ላይ?»

«እኔ እኮ አንተ ታየኛለህ ብዬ ነው።»

«እኔም አንቺ።»

ሊስቅ ሞከረ፤ አልመጣለትም። ሦስታችንም የምናውቀውን ዝቅ፣ የማናውቀውን ከፍ አድርገናል። ምንይችልን ማናችንም አናውቀው፤ በእሱ የሚያፍር የለም። እናም አንደኛ ወጣ። ዳኛው ምን አጠፋ? ያስተማርነውን ነው የተማረው።

«እንናገር» አልሁት።

«ምን ብለን? ዘመዶቻቸው ሲወድቁ ሊለምኑ መጡ ነው የሚባለው። ያን ሁሉ ያደረግነው ለስማችን አይደል? አሁን ሰዎቹንም ስማችንንም እንጣ?»



ታኅሣሥ 13

ዛሬም ለማንም አልተናገርሁም።

ታኅሣሥ 17

ኔትወርክ መጣ። አንዷለም ደወለ። የውጤቱ ደብዳቤ ደርሷቸዋል። አንቺ የት ነበርሽ አላለኝም። እሱ ነው የገደለኝ።

«ታማኝነት ዝቅተኛ ይላል» አለ፣ አንዴ ብቻ፣ ቀስ ብሎ። «ምን አጉድለን ይሆን? ሰዉ ይጠይቀኛል፤ የምመልሰው አጣሁ።» ያንን ዝናብ የነካውን ጆንያ አነሣ። «እሱን ቆጥራችሁብን ይሆን?»

እሱን… ማንም ሳያይ በገዛ እጃቸው ያወረዱትን።

«አይደለም ጋሼ» አልሁ።  ስልኩን ዘጋሁት። ኔትወርክ የሄደ ይምሰለው። አልሄደም ነበር።

ታኅሣሥ 19

 ታማኝነት ዝቅተኛ። ያቺን ቃል በሰው ፊት ሲያነብ ይታየኛል። መነጽር የለውም፤ ሌላ ሰው ይሆናል ያነበበለት። ጮክ ብሎ።

ታኅሣሥ 21

ተናገርሁ። ብቻዬን ገባሁ። ለአቶ ደመላሽ የራሴን ብቻ ነገርኋቸው፤ አበባውንና ሽታዬን አላነሣሁም። 

«ለዘመድ ማዳላት ሰምቼ አውቃለሁ» አሉ። «ዘመድን እንዲህ ማድረግ ግን… ከአንቺ?»

ለፍሥሐ ደወሉ። እኔም እንድሰማ ድምፁን ከፍ አደረጉት።

«ትክክለኛ ነገር ነው ያደረገችው» አለ ፍሥሐ። ልቤ መለስ አለ። «የጥቅም ግጭት ስላለ መልሶቿን እንሰርዛለን።»

«ከዚያስ?» አልሁ።

«ከዚያ ለዋንዛ ሜዳ የታማኝነት መረጃ አይኖርም።»

«ከዚያስ?»

 ኮምፒውተሩን ሲነካካ ይሰማኛል። «መረጃ የሌለውን አቅራቢ ሲስተሙ አያወዳድርም። ከዝርዝሩ ያወጣዋል። ለከርሞ እንደ አዲስ ይመዝገቡ። በጣም ይቅርታ፣ እህቴ።»

ጠዋት ተጠባባቂ ነበሩ። ከሰዓት በኋላ የሉም። ሌላ ሰው ይመዝናቸው ብዬ ለመንሁ። «ማን ያውቃቸዋል?» አሉ አቶ ደመላሽ። እውነት ነው። መስመሩን የያዝሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ የሚያውቃቸው የለም።

በእኔ ምክንያት ደንብም ወጣ። የተቆጣጣሪ ዘመድ የሆነ አቅራቢ ወይም ጭነት አጃቢ ከተገኘ መኪናው ሳይራገፍ ይመለሳል። እኔን ከደምበጫ መስመር አንሥተው በር ላይ መደቡኝ።

ዝም ብል ይሻል ነበር። ብናገርም ጠፉ፣ ባልናገርም ጠፉ፤ ብቻ በተናገርሁት ፈጥነው ጠፉ።

ታኅሣሥ 29

ገና። ዋንዛ ሜዳ ዋልሁ። አሁን አቅራቢ ስላልሆኑ እቤታቸው መብላት እችላለሁ። ፍቅርአዲስ ዶሮ ሠርታ አቀረበችልኝ። 

ከምሳ በኋላ ከአንዷለም ጋር ወደ መጋዘኑ ሄድን። እስከ ክዳኑ ድረስ ሞልቷል። እዚያ ነገርሁት። ጥያቄውን፣ ምንይችልን፣ የነካሁትን፣ ሁሉንም። እንዲቆጣኝ ፈልጌ ነበር። ቢመታኝ እንኳ…

አንድ ጆንያ ላይ ቁጭ አለ።

«ደግ አደረግሽ» አለ።

«ጋሼ፣ አልገባህም።»

«ገብቶኛል። ለወንድሟ አደላች ተብሎ ስምሽ ከሚነሣ ይሄ ይሻላል። እኔስ ሊቀ መንበር ነኝ ብዬ የራሴን ስንዴ አስቀድሜ ጭኜ አውቃለሁ? ሁልጊዜ መጨረሻ ነኝ። እኔ አይደለሁ እንዲህ አድርጌ ያሳደግሁሽ?»

ሊያጽናናኝ ነው። እጁን ትከሻዬ ላይ አደረገው።  ቢሰድበኝ በተሻለኝ። ቢሰድበኝ አለቅስ ነበር፤ ወደ ቤቴ እመለስ ነበር፤ ያልቅ ነበር። አሁን ምን አድርጌ ልለቀው?

ጥር 8

ለዋንዛ ሜዳ ስንዴ ገዢ ፍለጋ ማርቆስ ውስጥ ያሉትን ወፍጮ ቤቶችና ዳቦ ቤቶች ዞርሁ። ሁሉም የዓመቱን ይዘዋል። አንዱ «ከፋብሪካችሁ የወደቀ ነው እንዴ?» አለኝ። «በጥራት አይደለም» አልሁት። «ታዲያ በምን?» በምን ልበለው?

የካቲት 9

ነቀዝ ገባ። ከግድግዳው ጥግ ነው የጀመረው አለችኝ ፍቅርአዲስ በስልክ። ሴቶቹ እያወጡ ፀሐይ ላይ ያሰጣሉ፣ ያበጥራሉ፣ መልሰው ያስገባሉ። «ይወስዱታል እንዴ፣ እትዬ? ቁርጡን ንገሪን» አለችኝ። ቁርጡን እኮ ታውቀዋለች። ከእኔ ሌላ ነገር ትሰማ እንደሆነ ብላ ነው።

የካቲት 20

ሰዉ ለሁለት ተከፍሏል። ገሚሱ «ያስጣለችን እህቱ ናት» ይላል። ገሚሱ «ነጋዴ ሲለምነን ለእህቱ ፋብሪካ ሲል ከለከለን» ይላል። እኔ የሸሸሁት ስም ሄዶ እሱ ላይ አረፈ። ለዘመዱ አዳላ፤ እሱ፣ ስንዴውን መጨረሻ የሚጭነው። ከቅዳሴ ሲወጣ ቅጥሩ ውስጥ አብሮት የሚቆም ጠፋ አለችኝ ፍቅርአዲስ።

እሱ ግን ሲደውል ጤናዬን ይጠይቀኛል። ጉንፋኑ ለቀቀሽ ወይ ይለኛል።

ምን ሆኜ ነው ሰው ምን ይለኛል እያልሁ የኖርሁት? ማን ነው ያ ሰው? አበባው? እሱም እኔን ሲፈራ ነበር።

መጋቢት 8

ማኅበሩ ፈረሰ። ቅዳሜ ተሰብስበው ማኅተሙን ለቀበሌው መለሱ። ዛሬ እያንዳንዱ ድርሻውን ከመጋዘኑ አወጣ። የገዛቸው የምንይችል እህል ሰብሳቢ ነው፣ አውድማ ላይ ከለመናቸው ባነሰ ዋጋ። ያኔ ቃል አለን ብለው የመለሱትን ሰው ነው አሁን ቆመው የጠበቁት። አንዷለም ከሁሉ በኋላ ጫነ።

መጋቢት 22

ጾሙ እየተጋመሰ ነው። ቤተ ክርስቲያን እቆማለሁ፤ ጸሎቱ ግን ከአፌ አያልፍም። ሥራ እገባለሁ፣ እወጣለሁ። አበባው ሲያየኝ አንገቱን ይደፋል። የአማቱ ማኅበርም ፈርሷል ይባላል። አልጠየቅሁትም። ሽታዬ ሌላ ሥራ ፈልጋ ወደ ባሕር ዳር ሄደች። አቶ ደመላሽ የምስክር ወረቀት ተሸልመው ግድግዳቸው ላይ ሰቅለዋል።

የምንይችል መኪና ዛሬም መጣ። ጆንያውን ፈትቼ በእጄ ዘገንሁት። የዋንዛ ሜዳ ስንዴ ነው። ያን ዘር በዚያ መስመር ከእነሱ በቀር የዘራ የለም፤ ጠጠር የለበት፣ ገለባ የለበት። ዳኛው ሙሉ ነጥብ ሰጠው። ለምንይችል። ታማኝነቱ ጨመረ።

ሽንት ቤት ገብቼ አለቀስሁ። ሰው እንዳይሰማኝ ቧንቧውን ከፍቼ።

ግንቦት 6

ጠዋት የምንይችል አይሱዙ በር ላይ ቆመ። አጃቢው ከጋቢናው ወረደ። አንዷለም ነው።

የደጀኑ ነጋዴ ሰብሳቢ ሆኖ ተቀጥሯል። የጎረቤቶቹን ስንዴ ቤት ለቤት እየገዛ ይጭናል። እሱም አልነገረኝ፣ ፍቅርአዲስም አልነገረችኝ። ከስቷል። የለበሰው ካፖርት የሌላ ሰው ይመስላል፤ ትከሻው ላይ አልተቀመጠም።

ዘበኛው ወልደ ሚካኤል ያውቀዋል፤ ስንት ዓመት በዚህ በር አስገብቶታል። አየውና ፊቱን ወደ አስፋልቱ አዞረ። አበባው ሚዛኑ ላይ ቁጥር የሚያነብ መስሎ አጎነበሰ። የማታውቀው አዲሷ መዝጋቢ ሥራነሽ ብቻ ናት።

«የአጃቢው ስም ማን ልበል?»

«አንዷለም አማረ።»

ሥራነሽ ጻፈች። ከዚያ ቀና ብላ ደረቴ ላይ ያለውን መታወቂያ አየች። «ዓይናዲስ፣ አንቺም አማረ ነሽ እኮ። ትተዋወቃላችሁ እንዴ?»

 እሱ ቀደመኝ።

«አማረ ብዙ ነው፣ ልጄ። እሳቸውን አላውቃቸውም።»

አንቱ አለኝ። ወንድሜ።

ታብሌቱ ተራውን ጠየቀኝ፦ ከአቅራቢው ወይም ከአጃቢው ጋር ዝምድና አለ? አለ ብል መኪናው እንደተጫነ ይመለሳል፤ ምንይችልም ሌላ ሰብሳቢ ይፈልጋል። አንዷለም ጆንያ የሚፈታ መስሎ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ። ገመዱ ግን ተፈትቶ አልቋል።

የለም የሚለውን ነካሁ።

ስንዴው አለፈ። ተራግፎ ሲያልቅ ባርኔጣውን አንሥቶ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እሜቴ» አለኝና ጋቢና ገባ።

መኪናው ከበሩ ወጥቶ ወደ ደምበጫ እስኪታጠፍ ቆሜ አየሁት። መስኮቱ ክፍት ነበር። እጄን ላነሣለት ፈልጌ ሥራነሽ ታየኛለች ብዬ ተውሁት።